ቢራቢሮን የአገር ምልክት ስለ ማድረግ

ባለፈው ወር ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሰንደቅ ዓላማና ስለ ማኅተም ሳስተምር፥ አገሮችና ከተሞች አንበሳን፥ ንስርን፥ ዛፍን ወይም ተራራን የራሳቸው ምልክት አድርገው እንደሚመርጡ አስረዳሁ። በአሜሪካና በህንድ ደግሞ ቢራቢሮን በሕግ የመረጡ ግዛቶች መኖራቸውን ስጨምርላቸው ክፍሉ በሳቅ ተመላ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ፥ «ጋሼ፥ አንበሳ ጠፍቶባቸው ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ከልጆቹ ጋራ ስቄ አለፍሁ፤ ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ። በኛ ዘንድ ምልክት ግርማ ሊኖረው ይገባል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አንበሳው በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ዘውድ ደፍቶ ይታይ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ወንጌላዊው ማርቆስ በገጸ አንበሳ፥ ዮሐንስ በገጸ ንስር ይመሰላሉ። ቢራቢሮ ግን በአንድ ስፍራ መርጋት የማይችለውን፥ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚለውን ሰው የምንነቅፍባት ስም ናት። እንግዲህ ልጁ የጠየቀው የልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

በልጅነቴ ሥነ ፍጥረትን ያስተማሩኝ የኔታ፥ በዕለተ ሐሙስ የተፈጠሩትን ሲቈጥሩ በልብ የሚሳቡ፥ በእግር የሚሽከረከሩ፥ በክንፍ የሚበሩ እያሉ በሦስት ይከፍሏቸው ነበር። እኛም ደቀ መዛሙርቱ ያየነውን ፍጥረት ኹሉ ከሦስቱ ወደ አንዱ ለመመደብ እንሽቀዳደም ነበር። ቢራቢሮስ ወዴት ትመደብ? ከእንቍላል ስትወጣ ትል ኹና ቅጠል ለቅጠል ትሳባለች፤ ቀጥሎም በልባሷ ተጠቅልላ እንደ ሙት ትተኛለች፤ በመጨረሻም በክንፍ ትበራለች። በአንዲት አጭር ዕድሜ ከኹለት መደብ ትገባለች ማለት ነው። ይህን ለየኔታ አቅርቤላቸው ቢኾን ምን ይሉኝ እንደ ነበር እንጃ፤ ያን ጊዜ ግን ከብሳናው ላይ የምንሸሸው ትልና በአጥሩ ላይ የምናሳድዳት ቢራቢሮ ዘመዳሞች መኾናቸውን አላውቅም ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ቢራቢሮን ምልክት አድርጎ የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ክንፏን ነው። ከክንፉ ጋራ ትሉን፥ ከትሉ ጋራ የሚበላውን ቅጠል፥ ከቅጠሉም ጋራ የሚበቅልበትን መሬት አብሮ መምረጡን አያስተውልም።

ዘመኑን ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ልጥቀስና፥ በ1973 የአሜሪካ ግዛት ሜሪላንድ ባልቲሞር የምትባለውን ቢራቢሮ መረጠች። ግዛቲቱን ያቀኑት የሎርድ ባልቲሞር ቤተ ሰብ አርማ ጥቁርና ወርቃማ ነበረ፤ ቢራቢሮዋም ጥቁርና ብርቱካንማ በመኾኗ ስሟን ከዚያ አገኘች ይባላል። ምርጫው እንግዲህ የቀለም ምርጫ ነው፤ የጌታው ልብስ ስለ ገጠማት ተሾመች። ውሃ በሚያቍር ሜዳ ላይ የምትኖረው ይህች ቢራቢሮ ግን ከሹመቷ ወዲህ በሜሪላንድ መኖሪያዋ እየጠበበ ሄዷል። የህንድ ግዛት ማሃራሽትራ በበኩሏ በ2015 ሰማያዊ ሞርሞን የምትባለውን ትልቅ ጥቁር ቢራቢሮ ስትመርጥ፥ ከህንድ ግዛቶች በዚህ የመጀመሪያዋ ኾነች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። የሰማያዊ ሞርሞን ትል የሎሚንና የዘመዶቹን ቅጠል ይበላል፤ ይህን ነገር አንባቢዬ በልቡ ያቈይልኝ።

ከኹሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ የሃዋይ ምርጫ ነው። ሃዋይ በውቅያኖስ መካከል ያሉ ደሴቶች ስለ ኾኑ፥ የአገሩ ተወላጅ የኾኑት የቢራቢሮ ወገኖች ኹለት ብቻ ናቸው። ከኹለቱ አንዲቱ በጥንቶቹ ነገሥታት ስም ካሜሃሜሃ ትባላለች። በ2009 እርሷ የግዛቲቱ ምልክት እንድትኾን ያመለከቱት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። የትሏ ምግብ ማማኪ የሚባል ተክል ነው፤ ማማኪም የሳማ ወገን ሲኾን እንደ ሳማ አይለበልብም። ጠላት በሌለበት ደሴት የኖረ ሳማ መለብለቡን ረስቶት ይኾንን? ይህ የኔ ፈሊጥ ነውና ሊቃውንቱን አያስጠይቅ።

ሞናርክ የምትባለውን ብርቱካንማ ቢራቢሮ ደግሞ ኢሊኖይ በ1975፥ ቨርሞንት በ1987፥ ቴክሳስ በ1995፥ ሚኔሶታ በ2000 መርጠዋታል። ኹሉም የሚያምርበትን ልብስ ኹሉም ከለበሰው ምልክትነቱ ምኑ ላይ ነው እላለሁ፤ ለነገሩ ሞናርክ በየዓመቱ እስከ ሜክሲኮ የምትጓዝ መንገደኛ ናትና፥ ብዙ ቤት እንግድነት ቢያቀርቡላት አይፈረድባቸውም።

አኹን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ኒው ሃምፕሽር በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ግዛት ናት፤ ዋና ከተማዋም ኮንኮርድ ትባላለች። በ1977 በዚያች ከተማ የነበሩ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ፥ ነጠብጣብ ጀርባ ያላት ትንሿ ጥንዚዛ የግዛቲቱ ምልክት ኾና ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ በ1992 ምክር ቤቱ ቢራቢሮ ሲመርጥ ደግሞ፥ ሰፊ ክንፍ ያላቸውንና ሰው ኹሉ የሚያውቃቸውን ትቶ ካርነር ሰማያዊ የምትባለውን ወሰደ። ይህች ቢራቢሮ ክንፏን ስትዘረጋ ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም አትሰፋም። ወንዱ ከላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ኹኖ ዳሩ ጥቁር ነው፥ በጥቁሩም ዙሪያ ነጭ ዘርፍ አለው፤ ሴቲቱ ወደ ዐመድማ ታደላለች፥ በኋላ ክንፏም ጠርዝ ብርቱካንማ የግማሽ ጨረቃ ጌጥ አላት።

በሳይንስ መጽሐፍ ለይቶ ስም ያወጣላት ቭላድሚር ናቦኮቭ ነው። ይህ ሰው በሩስያ ተወልዶ በአብዮቱ ምክንያት ከአገሩ የተሰደደ ታላቅ ደራሲ ሲኾን፥ በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ውስጥ ቢራቢሮዎችን ይመረምር ነበር። በ1944 ሌሎች ከዘመዶቿ ጋራ ቀላቅለው ያዩዋትን ይህችን ሰማያዊ ለይቶ፥ ከእርሱ በፊት ቢራቢሮዎችን ላጠናው ለሳሙኤል ስከደር መታሰቢያ ሳሙኤሊስ አላት። ካርነር የሚለው የተራ ስሟ ግን በኒው ዮርክ ግዛት በአልባኒ ከተማ አጠገብ ከነበረች ስፍራ የመጣ ነው። ስደተኛ ሰው ቤቷ እየፈረሰባት ላለች ፍጥረት ስም ማውጣቱ ያስገርመኛል።

የካርነር ሰማያዊ ትል ከአንድ ተክል በቀር አትቀምስም። ይኸውም የዱር ሉፒን የሚባለው ነው፤ እርሱም የኛ የጎጃሙ ግብጦ የቅርብ ዘመድ ነው። ግብጦን የሚያውቅ ሰው መራርነቱን ያውቃል፤ ተቈልቶ ለብዙ ቀን በውሃ ካልተዘፈዘፈ ከአፍ አይገባም። ያች ትል ግን ቅጠሉን እንዲሁ ትመገበዋለች፤ ስትመገብም ከአንድ ወገን ያለውን ለምለም ልጣ ስስ ሽፋን ብቻ ታስቀራለች። ያም ሽፋን ብርሃን ስለሚያሳልፍ በቅጠሉ ላይ የመስተዋት መስኮት የተገጠመ ይመስላል፤ ተመራማሪዎችም ትሏን ከመፈለግ አስቀድመው መስኮቶቹን ይፈልጋሉ። ከሰውነቷም ጣፋጭ ፈሳሽ ይወጣል፤ ጕንዳኖች እርሱን እየላሱ ዙሪያዋን ከበው ከጠላት ይጠብቋታል። መጽሐፈ ምሳሌ ጕንዳንን የሚያመሰግናት በበጋ ስንቋን ስለምታሰናዳ ነው፤ እረኝነቷን ግን እኔ የተማርሁት ከዚህ ነው።

በዓመት ኹለት ጊዜ ትወለዳለች፤ አንዱ ትውልድ በግንቦት ማለቂያና በሰኔ፥ ኹለተኛው በሐምሌና በነሐሴ ክንፍ ያወጣል። ክንፍ ካወጣች በኋላ ዕድሜዋ አንድ ሳምንት ያህል ነው። ኹለተኛው ትውልድ የጣለው እንቍላል በዚያ በብርቱው ክረምት በረዶ እንደ ጋቢ ለብሶ ከርሞ፥ ሉፒኑ በጸደይ ሲያቈጠቍጥ ይፈለፈላል።

ሉፒን የሚወደው ፀሓይ የሚያገኘው አሸዋማ መሬት ነው። በኮንኮርድ አጠገብ እንዲህ ያለ መሬት ነበረ፤ በላዩም ፓይን የሚባለው ጥድ ዐልፎ ዐልፎ ይበቅልበታል። በየጥቂት ዓመቱ እሳት እያለፈበት ቍጥቋጦውን ስለሚያሳሳው ሉፒን ብርሃን አያጣም ነበር። ሰዎች እሳትን መከልከል በጀመሩ ጊዜ፥ ማንም በክፋት አልሠራውም፤ ቤቱ እንዳይቃጠልበት የማይፈልግ የለምና። ነገር ግን ቍጥቋጦው ገጠመ፥ ዛፉ ጥላውን ዘረጋ፥ ሉፒኑም መነመነ። የቀረውን ደግሞ ሜዳውና አሸዋው ለግንባታ የተመቸ ስለ ነበረ፥ መንገድና ቤት፥ አይሮፕላን ማረፊያም ወሰዱት።

ምክር ቤቱ በ1992 የቢራቢሮዋን ምልክትነት በሕግ አጸደቀ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት ካርነር ሰማያዊን ሊጠፉ ከተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ አገባት። በአንድ ዓመት ኹለት ጽሕፈት፤ አንዱ የሹመት፥ አንዱ የድውያን። በ2000 ገደማም ከኒው ሃምፕሽር ምድር ፈጽማ ጠፋች። ከሹመቷ እስከ ጥፋቷ ስምንት ዓመት ያህል መኾኑ ነው። ግዛቲቱ በሜዳዋ የሌለችውን ቢራቢሮ በሕግ መጽሐፏ ይዛ ቀረች።

ይህን ሳነብ በሰው ለመፍረድ ቸኵዬ ነበር፤ ወዲያው ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ቀድሞ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት የማኅተም ምልክት እንዲመርጥ የተሾመው ኮሚቴ ጸሓፊ እኔ ነበርሁ። በግቢው ውስጥ ያረጀ ወይራ ስለ ነበረ ወይራን መረጥን፤ ስለ ኖኅ ርግብና ስለ ቅጠሏ፥ ስለ ቅብዐ ቅዱስም እያነሣሁ ረዥም ንግግር ያደረግሁትም እኔ ነኝ። በኹለተኛው ዓመት አዲስ የመማሪያ ክፍል ሲሠራ ወይራው መንገድ ላይ ቆመ ተብሎ ተቈረጠ። ውሳኔው የተጻፈበት ደብዳቤ ወይራ ባለበት ማኅተም ታትሞ ሲወጣ አይቼ ዝም አልሁ። ክፍሉ ያስፈልግ ነበር፤ ሦስት ሜትር ወዲህ ይሠራ ብሎ ለመናገር ግን ኮሚቴ አያሻም ነበር።

ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ስሙን የሚሰማው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ደስታውም የኹሉ ነው። የክርስትና አባት ግን አንድ ነው፤ ስሙ ከተጠራ በኋላ ስለ ሕፃኑ ሃይማኖት፥ ወላጆቹም ቢሞቱ ስለ አስተዳደጉ የሚጠየቀው እርሱ ነው። እኔ ለወይራው ስም ጠርቼ ወደ ቤቴ የሄድሁ ሰው ነበርሁ። ኒው ሃምፕሽርም እስከ 2000 ድረስ ከዚህ እምብዛም የተሻለች አልነበረችም።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ከ2001 ጀምሮ በኒው ዮርክ ግዛት ካለው ከተረፈው ዘር እየተወሰደ፥ በቤት ውስጥ እየተፈለፈለና እያደገ በኮንኮርድ ሜዳ ይለቀቅ ጀመር። ይህም ብቻውን ከንቱ በኾነ ነበር፤ ቤት የሌለውን እንግዳ ጠርቶ በረንዳ ላይ ማሳደር ነውና። ስለዚህ መሬቱን መመለስ ነበረባቸው። ቍጥቋጦውን መነጠሩት፤ ከዚያም፥ አንባቢዬ ይገረም፥ ሜዳውን ራሳቸው በእሳት ያቃጥሉት ጀመር። እሳቱ እንቍላሉንና ትሉንም ስለሚፈጅ ኹሉን በአንድ ጊዜ አይለኵሱትም፤ በክፍል በክፍል፥ ነፋሱንና እርጥበቱን መዝነው፥ ውሃ የያዙ ሰዎች አቁመው ያነዱታል። የገጠሩ ገበሬያችን ምንጣሮ ሲያነድ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

የሉፒኑን ችግኝ ግን ያፈሉት በብዛት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ልጆች ናቸው። የሉፒን ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ኾነ፥ ካልተፋቀ ወይም ካልተዘፈዘፈ በቶሎ አይበቅልም። ልጆቹ በክፍላቸው ውስጥ በትንንሽ ዕቃ ዘርተው፥ በመስኮት አጠገብ እያጠጡ አሳድገው፥ ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ሜዳው ወርደው በእጃቸው ተከሉት። ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ አልነበረም፤ ካንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ክፍል እየተላለፈ ዓመታትን የፈጀ ነው። እንዲህም ኾኖ ካርነር ሰማያዊ በኮንኮርድ እንደ ገና በረረች።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው፥ «ታዲያ መጀመሪያውኑ የምትበረክተውን ቢመርጡ ይህ ኹሉ ድካም ምን ያደርጋል?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ምልክት ልጅ በደጁ ሊያየው የሚገባ ነገር ነው፤ ከመጽሐፍ በቀር የማይታይ ምልክት ሥዕል ብቻ ነው። እኔ ግን የኒው ሃምፕሽርን ምርጫ አልነቅፍም። የበረከተችው ቢራቢሮ ተመራጭ ብትኾን ማንም ከወንበሩ ባልተነሣም ነበር። የምነቅፈው ስሙ ሲሰጥ ሜዳው የማን እንደ ኾነና በላዩ ምን ሊሠራበት እንደ ታሰበ በቂ ጠያቂ አለመኖሩን ነው። በአገራችንም ክልልም ይኹን ወረዳ፥ ትምህርት ቤትም ይኹን ሰንበት ትምህርት ቤት፥ ሕይወት ያለውን ፍጥረት ምልክት ለማድረግ ቢያስብ፥ ሠዓሊውን ከመጥራት በፊት ያ ፍጥረት ምን እንደሚበላ የሚያውቅ አንድ ሰው ይጥራ።

ይህን ኹሉ በሚቀጥለው ሳምንት ለአምስተኛ ክፍል ነገርኋቸው። ያ አንበሳ ጠፍቶባቸው ነው ያለው ልጅ በጥሞና ሲሰማ ቈይቶ፥ «የኛስ ቢራቢሮ ምን ትበላለች?» አለኝ። የትኛዋ ብዬ ብጠይቀው፥ በአጥራቸው ላይ የምትመጣው፥ ትልቋ፥ ጥቁር ኹና ቢጫ ነጥብ ያላት አለኝ። እርሷን ዐውቃታለሁ፤ ከማሃራሽትራዋ ቢራቢሮ ጋራ ዘመዳሞች ናቸው። «ደጃችሁ ሎሚ አለ?» አልሁት። አለ።

በማግስቱ አንድ የሎሚ ቅርንጫፍ በጣሳ ይዞ መጣ። በቅጠሉ ላይ ኹለት ትሎች ነበሩ፤ አንዱ ገና ትንሽ ስለ ኾነ የወፍ ኵስ ይመስላል፥ ሌላው አድጎ አረንጓዴ ኾኗል። ልጆቹ ከበው ሲያዩ አንዱ ትልቁን በእርሳስ ነካ ቢያደርገው፥ ከራሱ በኩል ብርቱካንማ ባላ የመሰለ ቀንድ አወጣና የሚከረፋ ሽታ በክፍሉ ናኘው። ሳቁ ከፊተኛው ሳምንት ይበልጥ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን የተሳቀው በአፍንጫ ተይዞ ነው። ሳቁ ሲበርድ ልጁ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርቦ፥ «እናቴ ቅጠሉን ይጨርሳልና ለቅመህ ጣል ብላኛለች፤ ምን ልበላት?» ሲል በቀስታ ጠየቀኝ።

ቅርንጫፉን ወደ ዛፉ መልሰህ እሰረው፥ እኔ ለእናትህ ደብዳቤ እጽፋለሁ አልሁት። ወረቀቱን ካዘጋጀሁ ሦስት ቀን ኾነኝ። ከሰላምታው በታች ምን ብዬ እንደምቀጥል ገና አላገኘሁም፤ ሎሚው የእርሳቸው ነውና።